የጭጋጉ ደወል እንዴት ተፈተሸ

ጥያቄው የቀረበላት እሁድ ጠዋት፣ አባቷ ከአልጋው ሥር ካልሲውን እየዳበሰ ሳለ ነው።

"ልጄ፣ አንቺ የምትውይው የሰው ሚዛን ስትፈትሺ ነው። እስቲ ይሄን ደወል ደግሞ ለእኔ ፈትሺልኝ። ይጠቅመኛል ወይስ ላም አለኝ በሰማይ ነው?"

ደወሉ በእጅ የሚነካ አይደለም። አባቷ ከሁለት ወዳጆቹ ጋር በኮምፒውተር በሚጫወተው የጀልባ ጨዋታ ውስጥ በክፍያ የሚገኝ መሣሪያ ነው። ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሦስት ሰዎች በየቤታቸው ተቀምጠው አንድ ጀልባ ይሳፈራሉ። ሁለቱ ይቀዝፋሉ፣ አንዱ መሪ ይይዛል። ሐይቁ ሰፊ ነው፤ ጭጋጉ ደግሞ ዱቄት የተበተነበት ይመስላል። ከጀልባው አፍንጫ ጥቂት ክንድ አልፎ ያለው ሁሉ ነጭ ነው። አለቶቹ በየጉዞው ቦታ ስለሚቀይሩ መንገዱን ሸምድዶ መሄድ አይቻልም። አለት ከጭጋጉ ብቅ ሲል መሪ ያዡ ለማሰብ ቀርቶ ለመደንገጥ እንኳ ጊዜ የለውም። ከገጨው ሦስቱም ውሃ ውስጥ ናቸው።

ደወሉ በጀልባው አፍንጫ ላይ ይሰቀላል። አለት በቀኝ ካለ በቀኝ ጆሮ፣ በግራ ካለ በግራ ጆሮ ይደውላል፤ አለቱ በቀረበ ቁጥር ይፈጥናል። ለሰባት ቀን በነፃ ይሞከራል፤ ከዚያ በኋላ የፈለገ በየወሩ እየከፈለ ይቀጥላል።

አባቷ መሪ ያዥ ነው። ለሠላሳ አንድ ዓመት የውሃ መግፊያ ጣቢያ የፓምፕ መካኒክ ነበር፤ ጡረታ ከወጣ ስድስት ዓመቱ ነው። ከሦስት ዓመት ወዲህ ግላኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ ከዳር እስከ ዳር ያይ የነበረውን ዓይኑን ከጎንና ከጎን እያጠበበ መሐሉን ብቻ ተወለት። "ዕድሜዬን ሙሉ ቧንቧ ውስጥ ሳይ ኖርኩ፤ አሁን ደግሞ በቧንቧ ውስጥ ማየት ጀመርኩ" ይላል፤ ሰው ሲስቅለት ደስ ይለዋል። መኪና መንዳት አቆመ። ጋዜጣ ማንበብ አቆመ። የጎረቤት ፓምፕ ሲበላሽ ይጠሩት የነበሩት ሰዎች፣ አንድ ቀን ብሎን ሲፈልግ ሲቸገር ካዩት በኋላ፣ አፍረው መጥራት ተዉ። የጀልባው መሪ ግን አሁንም በእጁ ነው። ልጁ ይህን በደንብ ታውቃለች፤ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሲያደርግ ትከሻው ቀና ይላል።

አሁን ግን መሪውም ሊሄድ ነው። የጀልባዋ አለቃ የልጅነት ወዳጁ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ሰው ሁሉ ጋሼ ፍሬን የሚላቸው። መንገዱ ባዶ ሆኖም ፍሬን ስለሚይዙ ነው ስሙ የወጣላቸው። ባለፈው ሐሙስ ጀልባዋ ስትሰጥም በማዳመጫው ውስጥ እንዲህ ብለው ነበር፦

"ወንድሜ፣ በዚህ ወር ስድስት ጊዜ ሰጠምን። እኔ ደግሞ ዋና አልችልም።"

"ጨዋታ ውስጥ ነው እኮ የሰጠምከው።"

"ነፍሴ ልዩነቱን በምን ታውቀዋለች?" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ቅዳሜ ትልቁ መሻገር ነው። በዓመት አንዴ። ወይ ያንን ደወል እንሰቅላለን፣ ወይ... መሪውን ፋርማሲስቷ ትያዘው። አትቀየመኝ" አሉ።

ፋርማሲስቷ የጀልባዋ ሦስተኛ ሰው ናት፤ መድኃኒት ቤቷ ውስጥ ደንበኛ ሲያንስ የምትቀዝፍ ዝምተኛ ሴት። "እኔ መሪ አልፈልግም" አለች ያኔ። የሰማት የለም።

እንግዲህ ልጅቱ የያዘችው ጥያቄ ይህ ነው፤ ደወሉ ይጠቅማል አይጠቅምም? መልሱ እስከ ቅዳሜ መድረስ አለበት። መልሱ ከተሳሳተ ደግሞ አባቷ የመጨረሻውን ወንበሩን ይለቃል።

መጀመሪያ ሌሎች ተጫዋቾች የጻፉትን አነበበች። ግማሹ "ገንዘብ ማባከን ነው" ይላል፤ ግማሹ "ያለ ደወል ውሃ ውስጥ የሚገባ እብድ ነው" ይላል። ፈገግ አለች። በሥራዋ ላይ የምትሰማው ይህንኑ ነው። ሻጭ ሁሉ ሚዛኔ ልክ ነው ይላል፤ ገዢ ሁሉ ጎድሎብኛል ይላል። ሚዛኑን ራሱን የሚጠይቀው ግን ማንም የለም።

ሚዛንን መጠየቅ ለእሷ ከደሞዝም በላይ ነገር ነው። በእንጨት ሣጥን ውስጥ፣ ለእያንዳንዱ ልክ በተቦረቦረ ጉድጓድ፣ የሚያብለጨልጩ የመለኪያ ክብደቶች ይዛ ከገበያ ገበያ፣ ከመድኃኒት ቤት ወርቅ ቤት ትዞራለች። ክብደቶቹን በባዶ እጅ አትነካም፤ የጣት ወዝ እንኳ ይመዝናልና። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የነገራት አስተማሪዋ ነው። ያን ቀን ማታ በእንቅልፍ ፈንታ ጣቶቿን ስታይ አመሸች፤ ሰው የነካውን ሁሉ ትንሽ እያከበደ ነው ለካ የሚያልፈው!

ስለዚህ ደወሉን እንደ ሚዛን ፈተሸችው። በአባቷ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣ ሃያ ጊዜ በደወል፣ ሃያ ጊዜ ያለ ደወል ሐይቁን ሞከረች። በልምምድ ጊዜ ቀዛፊዎቹን ጨዋታው ራሱ ስለሚያንቀሳቅሳቸው ሌላ ሰው አያስፈልግም። እሁድንና ሰኞን ጨረሰችበት። በደወል አሥራ ስድስት ጊዜ ተሻገረች፤ ያለ ደወል አሥራ አምስት ጊዜ። በአንድ ልዩነት ማንም ሚዛን አይወቀስም፣ ማንም ደወልም አይመሰገንም።

"አባዬ፣ አያስፈልግህም" አለችው ሰኞ ማታ ደስ ብሏት። "ያለውም የሌለውም እኩል ነው።"

አባቷ የሻይ ብርጭቆውን አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ አዞረው።

"እኩል ነው?"

"ፈትሼዋለሁ።"

"እንግዲያው ችግሩ እኔ ነኛ።" ተነስቶ ወደ ክፍሉ ገባ፤ በሩ ላይ ትከሻው የግድግዳውን ጠርዝ ነካ።

እናቷ ከማጀት ሆና ሰምታለች። "ጎሽ" አለች፤ "ሰውዬውን በሁለት ቀን መዝነሽ ጨረስሽው።"

ረቡዕ ዕለት ልጅቱ አንድ ሥጋ ቤት ልትፈትሽ ገባች። ሚዛኑ ያለው ከኋላ፣ ማቀዝቀዣው ክፍል ውስጥ ነው፤ ትንፋሽ እንደ ጭስ የሚታይበት። ባለሥጋ ቤቱ ስትንቀጠቀጥ አይቶ አዘነላት።

"እህቴ፣ ሚዛኑን ወደ ውጭ ላውጣልሽ፤ ፀሐይ ላይ ሆነሽ ፈትሺው።"

"አይሆንም" አለች ክብደቶቿን እየደረደረች፤ "ሚዛን የሚፈተሸው በሚሠራበት ቦታ ነው። እዚህ ብርድ ውስጥ የሚሰጠውን መልስ ውጭ ላይሰጥ..."

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። ባለአምስት ኪሎው በጓንት እጇ ላይ እንዳለ ቀረ።

"ምነው፣ ጎደለ እንዴ?" አለ ባለሥጋ ቤቱ ደንግጦ።

"የለም፣ ያንተስ ልክ ነው። የእኔ ነው የጎደለው።"

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው። አርባ ጊዜ ፈትሻ የመለሰችው ደወሉ ለእሷ፣ ከዳር እስከ ዳር ለሚያይ ዓይን፣ ይጠቅም እንደሆነ ነው። ያንን ደግሞ የጠየቃት ሰው የለም። ደወሉ የሚሠራው በአባቷ ወንበር ላይ፣ በአባቷ ዓይን ፊት ነው። በትከሻው በር የነካውን ሰውዬ አስታወሰችና ጆሮዋ ድረስ ፊቷ ጋለ።

ከሥራ መልስ ጫማዋን ሳታወልቅ ክፍሉ ገባች። ጠባብ ክፍል ነው፤ በመስኮቱ ሥር ጠረጴዛ፣ በጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተርና በፕላስተር የተጠገነ ማዳመጫ፣ በግድግዳው ምስማር ላይ ደግሞ የክንድ ያህል ርዝመት ያለው፣ እጀታው እንጨት የሆነ መፍቻ ተሰቅሏል።

"አባዬ፣ ይቅርታ። ፈተናው ስህተት ነበር። የተፈተነው ሌላ ሰው ነው።"

"ማን?"

"እኔ።"

አባቷ ሳቀ፤ የሁለት ቀን ቅያሜ በዚያ ሳቅ ወጣ። "በይ ቁጭ በይ። እኔስ ነገሩን ትቼው ነበር እኮ።"

በዚህ ጊዜ ነገሩን አሳመረችው። ደወል ያለበትንና የሌለበትን ተራ በሳንቲም ውርወራ ለየች። ምክንያቱን ለአባቷ አስረዳችው፤ ደወሉ ሁልጊዜ ሁለተኛ ከመጣ እጁ ከሞቀ በኋላ ይሆናል፣ ሁልጊዜ መጀመሪያ ከመጣ ደግሞ ሳይደክም ይሆናል፤ ሳንቲሙ ግን ለማንም አያዳላም። አባቷ ይህን ሲሰማ ዓይኑ በራ። "እኛም ሁለት ፓምፕ ስናወዳድር ቧንቧውን እናቀያይር ነበር" አለ። አሥር በደወል፣ አሥር ያለ ደወል። እናትየው ሻይ ይዛ ገብታ ሳንቲሙ ሲወረወር አየች።

"ቁማርም ጀመራችሁ? እሰይ። የቀረን እሱ ነበር።"

ውጤቱ ግልጽ ሆነ፤ በደወል ሰባት ጊዜ ተሻገረ፣ ያለ ደወል አራት ጊዜ ብቻ። እንግዲህ ደወሉ ይጠቅማል። የወር ክፍያው የዓይን ጠብታውን ግማሽ ዋጋ ያህላል፤ ይቻላል። ልጅቱ ልትከፍል ካርዷን ከቦርሳዋ ልታወጣ ስትል እናትየው የጠብታውን ብልቃጥ ይዛ ተመለሰች።

"አንተ ሰውዬ! ሰዓቱ አልፏል።"

"ቆይ፣ አንድ ጉዞ ጀምሬያለሁ፤ መሐል ሐይቅ ላይ ነኝ።"

"ሐይቁ ይጠብቅህ። ግላኮማው አይጠብቅህም።" ግንባሩን ይዛ ወደ ኋላ ገፋችው፤ በሁለቱም ዓይኑ ጠብ ጠብ አደረገች። "ሁለት ደቂቃ ጨፍን ብሎሃል ሐኪሙ። ጨፍን!"

ጨፈነ። እጁ ግን መሪውን ከሚያዞሩት ቁልፎች ላይ አልተነሳም። ይህ ጉዞ ከቆጠራው ውጭ የሆነ፣ ደወሉ የጠፋበት፣ እንዲያው ለመሰናበቻ የተጀመረ ነበር። ልጅቱ ካርዷን ይዛ ስክሪኑን ታያለች። ከጭጋጉ አንድ አለት በግራ ወጣ፤ ጀልባዋ ግን ቀድማ ወደ ቀኝ ዞራ ነበር። ሌላ አለት ከፊት መጣ። ጀልባዋ በጎኑ እንደ ድመት ተሽሎክልካ አለፈች። ሌላ። ሌላ። ከአለቶቹ መካከል አንዱ ፈጽሞ አልታየም፤ ጀልባዋ ገና ሩቅ ሳለ ስለራቀችው ጭጋጉ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ከዚያ አሸዋው ከነጩ ውስጥ ብቅ አለና ጀልባዋ ዳርቻውን ነካች።

ልጅቱ አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ የተጨፈነውን ዓይኑን አየች።

"አባዬ።"

"አቤት።"

"ተሻገርክ እኮ።"

"ተሻገርኩ?" ዓይኑን ከፈተ። ጠብታው በጉንጩ ላይ ወረደ። ስክሪኑን በዚያች በጠበበች የዓይኑ መስኮት ፈልጎ አገኘውና አየው። "ውይ!"

"እንዴት አደረግከው?"

"እንጃ። ውሃው... ውሃው የሆነ ነገር ሲል ዞርኩ።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ስለ ሐሜት ነው የሚባለው። የዚህ ሰውዬ ጆሮ ግን በእውነትም ለባለቤቱ ባዳ ሆኖ ኖሯል። ስንት ዓመት ሠርቶለት ጡረታ ሲወጣ "በቃህ" አልተባለም ነበር። ማንም ሳይጠራው ሥራውን ቀጥሏል።

ካርዷን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። አሁን የሚፈተነው ሌላ ነገር ነው።

ሐሙስና ዓርብ ሳንቲሙ እንደገና ተወረወረ። አባትየው ዓይኑን በሻሽ ሸፍኖ ሃያ ጊዜ በደወል፣ ሃያ ጊዜ ያለ ደወል ሄደ። ሐሙስ ጀልባዋ ለልምምድ መውጣት ነበረባት፤ "ዛሬ ጀልባዋ ጥገና ላይ ናት" ብሎ ጋሼ ፍሬንን መለሳቸው። አሥር ጉዞ ሲሞላ ልጅቱ የጻፈችውን ቁጥር አላመነችም፤ አርባው ሲያልቅ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። በደወል አሥራ ሁለት ጊዜ ተሻግሯል። ያለ ደወል፣ በተሸፈነ ዓይን፣ አሥራ ስምንት ጊዜ።

"ደወሉ ይጎዳሃል" አለችው በመጨረሻ።

"ይጎዳኛል እንጂ!" አለ ሻሹን ወደ ግንባሩ ገፍቶ። "መስማት በምፈልግበት ሰዓት ነው የሚለፈልፈው። ከአለቱ አጠገብ ስደርስማ ጨርሶ ያብዳል።"

"ምንድን ነው ግን የምትሰማው?"

ማዳመጫውን ከራሱ አውልቆ በሁለት እጁ በእሷ ጆሮ ላይ አደረገው፤ ሕፃን ሆና ኮፍያ ሲያደርግላት እንደነበረው። ከዚያ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው መፍቻ ጠቆመ።

"ያ መፍቻ ታውቂዋለሽ፤ ብሎን የፈታሁበት ጊዜ ጥቂት ነው። ጫፉን ከፓምፑ ገላ፣ እጀታውን ከጆሮዬ አጥንት አስጠጋና ሆዱ ውስጥ ያለውን እሰማ ነበር። ጀማሪዎቹ 'ይጮኻል' ይሉኛል። መጮኹንማ እኔም ሰማሁ። ጥያቄው ከጩኸቱ ሥር ምን አለ ነው። እስቲ አሁን ጨፍኚ። መቅዘፊያው ውሃውን ሲመታ ምን ትሰሚያለሽ?"

"ጨብ... ጨብ።"

"እሱ ጩኸቱ ነው። ከእሱ በኋላ ያለውን።"

ምንም አልነበረም። ጨብ፣ ጨብ፣ ጨብ። አባቷ በጣቱ ትከሻዋን መታ አደረገ፤ አሁን፣ አሁን፣ እያለ። ሩብ ሰዓት ያህል አለፈ። ልትተወው ስትል፣ ከግራ በኩል፣ ከአንዱ ጨብ ኋላ፣ ከራሱ ያነሰ ሌላ ጨብ ሰማች። ደረቅና አጭር ነው፤ በባዶ ክፍል ውስጥ ማንኪያ ወድቆ ድምፁ እንደሚመለሰው። በቀጣዩ ምት ቀረበ። በቀጣዩ ምት ከጉንጯ አጠገብ ያለ ሆነ። ዓይኗን ስትከፍት አለቱ በግራ በኩል ከጭጋጉ እየወጣ ነበር።

ማዳመጫውን በሁለት እጇ ወደ ጆሮዋ ጫነችው።

"አባዬ! ይመለሳል! ድምፁ ይመለሳል!"

"ይመለሳል እንጂ። አለት ከሆነ ደረቅ ሆኖ ይመለሳል። ሸምበቆ ከሆነ ይዋጣል፣ አይመለስም። ጥልቅ ውሃ ላይ ከሆንሽ ምቱ ራሱ ይወፍራል። አሸዋው ሲቀርብ ደግሞ፣ ስሚ፣ ሹክሹክታ ይጨመርበታል።"

ያን ቀን አንድ ነገር ከልቧ አልወጣም። ይህን ሐይቅ የሠራው የማታውቀው ሰው ነው፤ በየት አገር፣ በምን ክፍል ተቀምጦ እንደሠራው እንጃ። ለእያንዳንዱ አለት፣ ለእያንዳንዱ ሸምበቆ የውሃ ድምፅ እንዴት እንደሚመለስ አስቦ፣ ለክቶ፣ አንድ በአንድ አስገብቶታል። ተጫዋቹ ሁሉ ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ተክሎ፣ እያወራ፣ ደወል ገዝቶ ሲያልፍ፣ ያ ሰው ያስቀመጠው ነገር ሁሉ ከጭጋጉ ሥር ሳይሰማ ኖረ። መሥሪያ ቤቷ ውስጥ ከከተማው ክብደቶች ሁሉ በላይ የሆነው ዋናው ኪሎ በመስታወት ሥር፣ በተቆለፈ ክፍል አለ፤ ማንም ገዢ አይቶት አያውቅም፤ የሚገዛው ሁሉ ግን በእሱ ልክ ነው። እሱን ባየች ቀን የተሰማት ዓይነት ነገር አሁን ተሰማት። ጮክ ብሎ መናገር የሚያሳፍር ዓይነት።

ለጋሼ ፍሬን ግን ጮክ ተብሎ መነገር ነበረበት። ቅዳሜ ጠዋት ደወለችላቸው።

"ጋሼ ፍሬን፣ ደወሉ ይቅር። መሪውም ከአባዬ ጋር ይቆይ። በእርስዎ በኩል የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው።"

"ምን? ልክፈል?"

"ዝም ይበሉ።"

"እኔ?" አሉ። "ልጄ፣ እኔ እኮ ሰማንያ ተሳፋሪ ይዤ ስነዳ ብቻዬን የማወራ ሰው ነኝ።"

"እሱ ነው ችግሩ። እርስዎ ሲያወሩ ውሃው አይሰማም። አባዬም በዓይኑ እየተማመነ ስለሆነ ነው ስድስት ጊዜ የሰጠማችሁት። ዛሬ ጨፍኖ ነው የሚነዳው።"

"ጨፍኖ!" ጋሼ ፍሬን የሰከረ ሹፌር መንገድ ላይ ያዩ ይመስል ጮኹ።

ደብተሩን አነበበችላቸው፤ አርባውን ጉዞ አንድ በአንድ፣ ሳንቲሙን ጭምር። ቀስ ብለው ሰሙ። ለሠላሳ ዓመት ሰው ጭነው ያለ አደጋ የነዱ ሰው ናቸውና፣ ጥንቃቄን ሲያዩ ያውቁታል። "አሥራ ስምንት ከሃያ?" አሉ። "እሺ። ቁራሽ ዳቦ ጎርሼ እቀዝፋለሁ። አለበለዚያ አልችልም።"

ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ገና መስኮቱ ላይ እያለች፣ ትልቁ መሻገር ተጀመረ። ሁለት መቶ ጀልባ በአንድ ጊዜ ጭጋጉ ውስጥ ገባ። ከመነሻው በፊት አባቷ ለቀዛፊዎቹ አንድ ቃል ብቻ ተናገረ፦

"እኩል ምቱልኝ። እያንዳንዷ ምት ለእኔ ክብሪት ናት። ስትጭሩልኝ አያለሁ።"

ሻሹን ወደ ዓይኑ አወረደ። ልጅቱ አጠገቡ ወንበር ላይ፣ ከኮምፒውተሩ በተሳበ ሁለተኛ ማዳመጫ ጆሮዋን ሸፍና ተቀመጠች። ጨብ። ጨብ። ፋርማሲስቷ እንደ ሰዓት ትመታለች፤ ጋሼ ፍሬን ዳቦአቸውን ጎርሰው በአፍንጫቸው ይተነፍሳሉ። ከዙሪያው ሁሉ፣ ከቅርብም ከሩቅም፣ የሌሎች ጀልባዎች ደወሎች ይሰማሉ፤ ብዙ፣ ቀጭን፣ ችኩል። ከዚያ አንዱ በጣም ፈጠነና ድንገት ጠፋ። ሌላው ጠፋ። መሐል ሐይቅ ሲደርሱ ደወሎቹ በጣት የሚቆጠሩ ሆነው ነበር።

"አቁሙ" አለ አባቷ በሹክሹክታ።

ቆሙ። ውሃው ብቻ ቀረ። በማዳመጫው ውስጥ አንድ ጉሮሮ ዳቦ ሲውጥ ተሰማ።

"ጋሼ ፍሬን..." አለች ፋርማሲስቷ፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

"አንድ ምት ብቻ" አለ አባቷ። ጨብ። ልጅቱ አዳመጠች፤ ከግራ ደረቅ ተመለሰ፤ ከቀኝ ደረቅ ተመለሰ፤ ከፊትም ደረቅ ተመለሰ። ግድግዳ። አባቷ ግን ራሱን ጥቂት ዘንበል አድርጎ ቆየ፤ ጠዋት ጠዋት ፓምፕ ቤት ውስጥ እንዲህ ሆኖ ይቆም እንደነበር አሁን ታያት። "አሁንም አንዴ።" ጨብ። "በግራና በፊት ባለው መካከል ክፍት አለ። ድምፁ ከዚያ ገብቶ ዘግይቶ ነው የመጣው። ቀስ... ቀስ... አሁን!"

ጀልባዋ ዞረች። በስክሪኑ ላይ በቀኝም በግራም አለቶች እንደ በር መቃን ቆመው አለፉ፤ መቅዘፊያዎቹ ሊነኳቸው አንድ ጣት ቀራቸው። ልጅቱ እናቷን አየች። ባዶ ትሪ በደረቷ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች፤ ስትገባ ማንም አልሰማትም፤ እሷም ቃል አልተነፈሰችም።

ከሁለት መቶው ጀልባ የተሻገሩት አሥራ ዘጠኝ ናቸው። እነሱ አሥራ አራተኛ ወጡ። ጋሼ ፍሬን እዚያው በማዳመጫው ውስጥ፣ ለአንድ ሰዓት የታፈነውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አወረዱት። "ወንድሜ! ጨፍነህ! በዚያ በር! እኔ በአውቶቡስ ብሆን ዓመት ሙሉ ፍሬን ይዤ እቆም ነበር! መሪው ያንተ ነው፤ እስክትሞት ያንተ ነው፤ ከሞትክም በኋላ እናስፈቅድሃለን!"

አባቷ ሻሹን አወለቀ። "ልጄ፣ የደወሉ ነገር እንግዲህ ምን ሆነ?"

"ዛሬ የሙከራ ቀኑ ያልቃል። ይለቅ። ግን ለማንም አይጠቅምም ብዬ አልጽፍም። ዓይኑ ለደከመ፣ ጆሮው ግን ላልተማረ ሰው ይጠቅማል። አራት የነበረውን ሰባት አድርጎታል፤ በዓይኔ አይቻለሁ።"

"ጆሮው ለተማረስ?"

"ለእሱ ሰው ዳቦ መግዛት ይሻላል። ለጋሼ ፍሬን።"

እናትየው ትሪዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "ላም በሰማይ አለች ያልኩት እኔ ነበርኩ" አለች፤ እሷ አላለችም፤ ያለው እሱ ነው፤ ግን ማንም አላረማትም። "ወተቷንም አየሁ።"

ይህ ከሆነ ሁለት ወር አልፏል። ልጅቱ አሁን ከሥራ ስትመለስ የክብደት ሣጥኗን በሩ ሥር ታስቀምጥና በአባቷ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ሻሹን እሱ ራሱ ያስርላታል፤ ጠበቅ አድርጎ፤ አያምነውምና ዓይኗን። እስካሁን አምሳ ሦስት ጊዜ ሞክራለች፤ ሁለቴ ብቻ ተሻግራለች፤ ከሁለቱ አንዱ ዕድል እንደነበር ታውቃለች። ሥጋ ቤት ስትገባ የማቀዝቀዣውን በር ድምፅ፣ ወርቅ ቤት ስትገባ የእርምጃዋን መመለስ ታዳምጣለች፤ ክፍሎች ሁሉ መናገር ጀምረውላታል።

"አምሳ አራተኛ" ትላለች።

"አትቁጠሪ" ይላል አባቷ ከኋላዋ። "ስትቆጥሪ አትሰሚም።"

ጨብ። ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ ናቸው። ጨብ። ከቀኝ ምንም፤ ሸምበቆ ይሆናል። ጨብ። ከግራ በጣም ሩቅ የሆነ፣ በጣም ትንሽ የሆነ ነገር ተመለሰ፤ ወይም የተመለሰ መሰላት። አባቷ ምንም አይላትም። አንድ ምት ትጠብቃለች፤ ትንፋሿን ይዛ፣ ጣቷን ከቁልፉ ላይ የፀጉር ያህል አንስታ።